ረግረጉ ገና አላለቀም

ውድ ታዴ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። አንተን ጤና መጠየቅ ከተውኩ ሰባት ወር ከአስራ ሁለት ቀን ሆነኝ፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። የወጥ ቤቱ በር አሁንም ሳሎን ውስጥ ነው። በሁለቱ ጠረጴዛዎች ላይ እንዳጋደምከው ተጋድሟል። እኔም እንደ በፊቱ በጎኑ እየተሽሎከለክሁ አልፋለሁ፤ ዳሌዬም እንደ በፊቱ ከማዕዘኑ ጋር ይጋጫል። ያኔ ሲመታኝ የምሰድበው ሰው ነበረኝ፤ አሁን ዝም ብዬ ዳሌዬን አሻለሁ።

ይህን እስክጽፍ ሦስቴ ተነስቻለሁ። አንዴ ቬንቲላተሩን ላዞር፣ አንዴ መስኮቱን ልዘጋ፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደተነሳሁ ሳላውቅ። መቀመጥ አቅቶኛል ታዴ። እግሬ ቤት ውስጥ ሲዞር ይውላል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሁለቴ አዛውሬዋለሁ፤ ጎረቤት ድምፁን ሰምታ ቤት ልትለቂ ነው እንዴ ብላ መጣች። እህቴ ከድሬዳዋ ስትደውል እንኳ እየተራመድኩ ነው የማወራት፤ ምን ያስሮጥሻል ትለኛለች። ካምሲኑም ጀምሯል፤ ያ የምትጠላው ትኩስ ነፋስ በበሩ ስር አሸዋ እያስገባ፣ ጠርጌ ሳልጨርስ እንደገና ያለብሰዋል። አንድ ነገር ጀምሬ አልጨርስም። አየህ፣ አንተን ሆኜልሃለሁ።

የከተማው ወሬ ይሄ ነው። የአዲሱ ባቡር መንገደኛ አሁን ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ናጋድ ጣቢያ ይወርዳል። ጓደኛህ ዋይስ ሄዶ አይቶት መጣ። ፉርጎዎቹ እዚያው ከተሠሩበት ተቀብተው የመጡ ናቸው፣ ብሩሽ የነካቸው አይመስሉም አለኝ። አንተ ብትኖር በየቀኑ እየሄድክ ጉድለት ስትፈልግላቸው በዋልክ ነበር። የድሮው ጣቢያ እንደተዘጋ ነው። በዚያ ሳልፍ የወርክሾፑን ግድግዳ አያለሁ፤ ብሩሽህን የምትጠርግበት ቦታ ላይ ቀለሙ አሁንም አለ፣ ቀይ በሰማያዊ ላይ፣ ሰማያዊ በቢጫ ላይ። አንድ ቀን ቆሜ ስነካው ዘበኛው ምን ጠፋሽ አለኝ። ምንም አልጠፋኝም ብዬው ሄድኩ።

አሁን ወደ በሩ።

የጦርነት ጨዋታችሁን መቼም ወድጄው አላውቅም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ፈረንሳዩ ሙሴ ፊሊፕ በሊሴ ትምህርት ቤት ሒሳብ ከማስተማር የተረፈውን ጊዜ የጣት አንጓ በሚያክሉ የአሻንጉሊት ወታደሮች የሚያሳልፍ ሰው ነው። አንተ ደግሞ ሃያ ዓመት ፉርጎ ስትቀባ ኖረህ፣ ባቡሩ ሲቆም ወደ ሱቅ ታፔላ የዞርክ ሰው። የወታደሮቹን ቆብ ቀባልኝ አለህ፤ ቀባህለት፣ በዚያው ቀረህ። ቲኬት ቆራጭ የነበረውን ዋይስንም ጎትተህ አመጣኸው። ከዚያ በኋላ አርብ ከሰዓት በመጣ ቁጥር ቤቴ የጦር ሜዳ ሆነ። ዳይስ ትጥላላችሁ፣ በሜትር ትለካላችሁ፣ ፈረሰኛው እዚህ ደረሰ አልደረሰም እያላችሁ ፀጉራችሁ የሸበተ ሦስት ሰዎች ትጨቃጨቃላችሁ። ዋይስ ጫቱን በጉንጩ ወጥሮ በሶማልኛ ይምላል፣ ሙሴ ፊሊፕ በፈረንሳይኛ ይራቀቃል፣ አንተ በአማርኛ ትስቃለህ። እኔ ሻሂ አቀርባለሁ። ወታደር ሲወድቅ አንስቼ አውቃለሁ፣ ደግሞ አንዴ በመጥረጊያ ጠርጌ ጥዬ አንድ የጦር አዛዥ ጠፍቶባችኋል። ይቅርታ አልጠየቅሁም ነበር፤ አሁን እጠይቃለሁ።

ለወታደሮቹ መዋጊያ መጀመሪያ የጨው ሜዳ ሠራህላቸው። ነጭ ቀለም ብቻ ስለሚፈልግ እሱን እንኳ ጨረስከው። ከዚያ ሙሴ ፊሊፕ ረግረግ አማረው። አንተ ጅቡቲ ተወልደህ ጅቡቲ ያደግህ ሰው፣ ረግረግ የት አይተህ! በባሕሩ ዳርቻ ጨው ውሃ ውስጥ የቆሙትን የማንግሮቭ ዛፎች ሄደህ አይተህ፣ ጫማህን በጨው አበላሽተህ ተመለስክና ይሄ አይደለም አልክ። በማግስቱ ደግሞ የወጥ ቤቱን በር ነቀልከው። ስፋቱ ልክ ነው ብለህ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ጎኑ ብቻ አረንጓዴ ቀብተህ የተውከውን፣ ያንኑ ሌላውን ጎን ቀባልኝ እያልኩ ስንት ጊዜ የለመንኩህን በር፣ ለሙሴ ፊሊፕ ወታደሮች በአንድ ከሰዓት አወለቅከው። ያልተቀባውን ጎን ወደ ላይ አድርገህ አጋደምከው። ከፍሪጁ ካርቶን የወጣውን ነጭ ፎም ቆርጠህ ለጠፍክበት፣ በጄሶ ጉብታና ጉድጓድ ሠራህ፣ በኮላ ላይ ሰጋቱራ ነሰነስክበት። ሳሎኑ ሁሉ ኮላ ኮላ ሸተተ።

ከዚያ ጥያቄህ ጀመረ። ረግረግ የማውቀው እኔ ነበርኩና። የጨፋ ረግረግ ልጅ ነኝ፤ ከሚሴ ገበያ የሚሸጠውን ቄጠማና ፊላ ከእናቴ ጋር ከውሃው ውስጥ እያጨድኩ ነው ያደግሁት። ውሃው ምን ቀለም ነው ትለኛለህ፤ የረግረግ ቀለም ነው፣ ምን ልበልህ እላለሁ። ሣሩ እንዴት ነው የሚቆመው ትለኛለህ፤ እንደ ሣር እላለሁ። አንዴማ ልብስ እየተኮስኩ መጥተህ፣ በእርሳስ የሣልከውን አሳየኸኝ፣ እንዲህ ነው ወይስ እንዲህ? ሳላይ ሁለቱም ነው አልኩህ። አልተቆጣህም። ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ ከተትከው።

ያን ጭቃ ከእግሬ አራግፌ የወጣሁት ሳሎኔ ውስጥ ላገኘው አይደለም እል ነበር፤ ሰበብ ነው። ነገሩ የበሩ ነው። እኔ ለምኜህ ያልጨረስከውን ለእነሱ ደስ ብሎህ ስትሠራ ቀናሁ። በአሻንጉሊት ቀናሁ ታዴ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ግን ከማን እደብቀዋለሁ።

ሆስፒታል የተኛህ ሰሞን ደህና እየሆንክ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ሐኪሙ ወጥቶ ሁለታችን ስንቀር ዓይንህን ገልጠህ፣ ረግረግ ላይ ቆመው ወደ ታች ሲያዩ ምን ይታያል ብለህ ጠየቅኸኝ። ደከመኝ፤ ሌሊቱን ወንበር ላይ ነበርኩ። ነገ እነግርሃለሁ፣ አሁን ዝም ብለህ ተኛ አልኩህ። ራስህን ነቀነቅህ። አንሶላውን እስከ ደረትህ ስቤ፣ ልብስ ልቀይር ብዬ ወደ ቤት መጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ሾርባ ይዤ ስደርስ አልጋህ ተነጥፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው እግሬ አልቀመጥ ያለው። ሰው ሐዘን ነው ይለኛል። ሐዘንማ ሐዘን ነው፤ ግን አንድ ነገር ልነግርህ እየተቻኮልኩ የምደርስበት ያጣሁ ያህል ነው የሚሰማኝ።

የመንፈቅህ ዕለት ዋይስና ሙሴ ፊሊፕም መጥተው ነበር። ሰው ሲበተን ሙሴ ፊሊፕ በሩ አጠገብ ቆሞ አየው። አንተ ከሄድክ ጀምሮ አንሶላ አልብሼዋለሁ። በክፋት አይደለም፣ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ዓይኑም እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን በፈረንሳይኛ፣ ምስኪን ታዴ፣ የጀመረውን መጨረስ አያውቅም ነበር አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው የኖርኩት ቃል ነው። ጎረቤት እየሰማ፣ ቄሱ እየሰሙ! ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ደሜ ፈላ። እኔ ብል ሚስቱ ነኝ፤ እሱ ማን ሆኖ ነው? ጨርሶታል አልኩት። ከመታመሙ በፊት ጨርሶታል፣ አሁን ግን ቀለሙ አሸዋ ስለጠጣ ሳላጸዳው አላሳይም፣ የዛሬ ወር አርብ ኑና ተጫወቱበት። ዋይስ ቀና ብሎ አየኝ። 

ሲሄዱ አንሶላውን ገለጥኩት። ቡናማ ቀለም ብቻ፣ ታዴ! ከዳር እስከ ዳር ቡናማ። እሱም ቢሆን በቁልፉ ቀዳዳ በኩል ያለው ማዕዘን፣ መዳፍ የምታህል ቦታ፣ ጄሶም ሳይደርስባት እንጨቱ እንዳለ ነበር። የመጨረሻው የብሩሽህ ምት እዚያች ላይ እየሳሳ ሄዶ ቆሟል። ከብሩሹ የወጣች አንዲት ፀጉር ቀለሙ ውስጥ ተጣብቃ ደርቃለች። ተቀምጬ ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቄ ወደ ሌላ ሄደ።

አንድ ወር ነበረኝ፣ ቀለም ቀብቼ የማላውቅ ሴት። የማውቀው አንተ ስትሠራ ያየሁትን ነው፤ ለካ ሳላይ አይቻለሁ። ከጨለማው ጀምሮ ወደ ብርሃኑ መሄድ። ብሩሹን በጨርቅ ጠርጎ፣ ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው የጉብታውን ጫፍ ጫፍ ብቻ ማስነካት። ቀለም መድረቁን በጣት ጫፍ ሳይሆን በጣት ጀርባ መሞከር። ከቃጫ ገመድ ክር እየመዘዝኩ፣ እኩል እየቆረጥኩ፣ በኮላ እያቆምኩ ፊላ አበቀልኩ። መጀመሪያ የተከልኩት እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ነቅዬ ጣልኩት። ፊላ ነፋስ የለመደ ነገር ነው፣ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ይህን አንተ ብትጠይቀኝ እንደ ሣር ነው ብዬህ ነበር።

ውሃው ነው ያስቸገረኝ። የጠየቅኸኝ እሱን ነበርና ልሳሳትበት አልፈለግሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ጨፋ ሄድኩ። ቆመው ሲያዩት ጥቁር ነው፤ በመዳፍህ ስትዘግነው ግን ስስ ሻሂ ይመስላል፣ የእጅህ መስመር በውስጡ ይታያል። ሻሂ! ደስ ብሎኝ ብድግ አልኩ። ነጭ ኮላ ሲደርቅ መስታወት እንደሚሆን ካንተ አይቻለሁ፤ በበራዱ የቀረውን ሻሂ ከኮላው ጋር በጥብጬ በየጉድጓዱ አፈሰስኩት። እንዴት ያምር ነበር መሰለህ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ከመስኮቱ ጀምሮ እስከ ረግረጉ ጥቁር መስመር ተሰልፏል። ጉንዳን። የእኛ ቤት ሻሂ ከነስኳሩ እንደሚፈላ የረሳሁ እኔ ብቻ ነኝ። በፊላው መሃል ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ፣ ጦር ነው የሚመስሉት፤ ያለ ዳይስ፣ ያለ ሜትር አገሩን ያዙት። ሁለት ቀን ሙሉ በማንኪያ ፍቄ አወጣሁት። እየፋቅሁ ለአንተ ነበር የማወራው፤ ትስቅ ነበር።

በመጨረሻ የእንጨት ቫርኒሽህን ከቡናማህ ጠብታ ጋር አዋህጄ፣ በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረብኩ ሞላሁት። ካምሲኑ አቧራ እንዳያለብሰው መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ፣ ቬንቲላተሩን አጥፍቼ፣ በላብ ተዘፍቄ። ከዚያ ሣሩ። አሁን ስማኝ፣ የምነግርህ ይሄ ነው። ረግረግ ላይ በጣም የሚያምረው፣ ምንጣፍ የሚመስለው ለምለሙ አረንጓዴ ከስሩ መሬት የለውም። ማጥ ነው። ረግጠኸው ስትገባ ነው የምታውቀው። የሚያስኬድህ ጉብ ጉብ ያለው፣ ቢጫ የመታው፣ ለዓይን የማይሞላው ሣር ነው። እናቴ በማጭዷ እጀታ እየጠቆመች እዚህ፣ እዚህ፣ እዚያ እንዳትረግጪ ትለኝ ነበር። ወደ ታች ስታይ ደግሞ መጀመሪያ የሚታይህ የራስህ ፊት ነው። ትንሽ ከታገስክ ፊትህን አልፈህ ያለፈው ዓመት ፊላ ስሩ ተኝቶ ታያለህ፣ ቡናማ፣ አልበሰበሰም፣ እንደተኛ ሰው ነው። አንተ ቡናማውን መጀመሪያ መቀባትህ ልክ ነበር። ማንም ሳይነግርህ ልክ ነበርክ።

ያለፈው አርብ መጡ። ሳምቡሳ ጠብሼ፣ ሳህኑን በዚያች ባልተቀባችው ማዕዘን ላይ አስቀምጬ ነበር። ሙሴ ፊሊፕ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አደረገ። ዞሮ ዞሮ አየው። ታዴ ይህን ሠርቶ ነው ዝም ያለን አለ። ደረቴ ሰፋ። ዋይስ ጎንበስ ብሎ ፊላውን በጣቱ ጀርባ ነካ አድርጎ ተቀመጠ። ወታደሮቻቸውን ደረደሩ። እኔ እንደ ልማዴ ልወጣ አልቻልኩም፤ በሩ በሌለው የወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ጥቂት እንደተጫወቱ ሙሴ ፊሊፕ ፈረሰኞቹን ሁሉ ሰበሰበና በለምለሙ አረንጓዴ ላይ ሊያሻግራቸው እጁን ዘረጋ። በእናንተ ሕግ አረንጓዴ ማለት ፈረስ የሚያስጋልብ ሜዳ ነው። እያወቅሁ፣ አሻንጉሊት መሆናቸውን እያወቅሁ፣ ጮህኩ። በዚያ አይደለም፣ ማጥ ነው፣ ከነፈረሳቸው ይገባሉ፣ በቢጫው አዙራቸው! በአማርኛ ነው የጮህኩት። የሙሴ ፊሊፕ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ዋይስ ቀስ ብሎ ወደ ፈረንሳይኛ መለሰለት። ሙሴ ፊሊፕ አንዴ እኔን፣ አንዴ ረግረጉን አየ። ማዳም፣ ታዴ የሠራውን ረግረግ እንዲህ በምን አወቅሽው አለኝ። ጣቴን አየሁ፤ በጥፍሬ ስር አረንጓዴ ነበር። ዋሽቻለሁ አልኩ። እሱ አልጨረሰውም፣ እኔ ነኝ። አልጨረሰም እንዳትሉት ብዬ ነው። 

ከዚያ ዋይስ ጫቱን አስቀመጠና እኔ ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ አለ። ሆስፒታል፣ ያን ዕለት እኔ ልብስ ልቀይር ከወጣሁ በኋላ፣ ከመምሸቱ በፊት አንተን ሊጠይቅ ገብቶ ነበር። በሩ ገና ቡናማ ብቻ ነው ብለኸዋል። ግን ደስ ብሎህ ነበር አለኝ፤ አልማዝ ነገ ትነግረኛለች፣ ከነገ በኋላ ነው ረግረጉ የሚጀመረው ብለኸዋል። ደጋግመህ። ነገ ትነግረኛለች።

ታዴ፣ እኔ ሰባት ወር ሙሉ አስቀይሜው ሄደ ስል ነበር። አንተ ለካ ስትጠብቀኝ ነበር። የቱ እንደሚብስ አላውቅም። ያን አርብ ግን ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቤ ከሰው ጋር ተቀመጥኩ፤ እንባዬም ወረደ። ሙሴ ፊሊፕ መሐረብ ሰጠኝ። ፈረሰኞቹንም በቢጫው አዞራቸው፤ ሩቅ ስለሆነበት ጨዋታውን ተሸነፈ፣ ቅር አላለውም።

ሊሄዱ ሲሉ ሙሴ ፊሊፕ አንድ ነገር ጠየቀኝ። የእሱ ቤት ሰፊ ነው፣ ረግረጉን እዚያ ወስዶ ቢያስቀምጠው፣ እኔም ሳሎኔ ይለቀቅልኛል። እውነቱን ነው። ይሄን ጥያቄ አምና ቢያመጣው እኔ ራሴ በጭንቅላቴ ተሸክሜ በወሰድኩለት። ሳህኑን አነሳሁና ማዕዘኗን አሳየሁት። እንጨቷን፣ የሳሳውን የብሩሽ ምት፣ ፀጉሯን። ገና አላለቀም አልኩት። ያላለቀ ሥራ ከቤት አይወጣም፤ ከፈለጋችሁ እናንተ ኑ። አርብ ይመጣሉ።

አሁንም ተነስቼ አይቼው መጣሁ። አረንጓዴውን አንድ ቦታ ላይ ትንሽ አበዛሁት መሰለኝ፤ አስተካክለዋለሁ። እንቁራሪቶቹን ገና አልነገርኩህም፣ ውሃው ጠዋት ጠዋት የሚያወጣውን ሽታም፣ ሣር ስናጭድ እግራችን ላይ የሚጣበቀውን አልቅትም። ሁሉን ዛሬ አልነግርህም። በየአርቡ ጥቂት ጥቂት እሠራለሁ፣ እየሠራሁም እነግርሃለሁ። ያችን ማዕዘን ግን ብሩሽ አላስነካትም። ዕድሜህን ሙሉ ጨርስ እያልኩ የጨቀጨቅሁህ እኔ፣ ይሄን አልጨርሰውም ታዴ።

ያንተዋ፣
አልማዝ